ከትምህርት ቤት ወለል ሥር የወጣው ምኩራብ፦ የቪልና ታላቁ ምኩራብ ጉዳይ

ጉዳዩን ለምን መረጥኩት

ስለፈረሰ የጸሎት ቤት ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ሁለት ነገር ነው፣ ወይ "በቃ ጠፍቷል" የሚል ሐዘን ወይ ደግሞ "እንደነበረ አድርገን መልሰን እንሥራው" የሚል ጉጉት። በሁለቱ መሃል ያለው ረጅም ሥራ፣ ማለትም ቦታውን መፈለግ፣ መለካት፣ ቀስ ብሎ መቆፈር፣ ከተገኘ በኋላ ደግሞ አሁን ምን እናድርገው ብሎ መጨቃጨቅ፣ እሱ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ብዙም አላየሁም። ስለዚህ አንድ ጉዳይ ከነዝርዝሩ ላስቀምጥ ብዬ ነው።

ጉዳዩ የሊትዌኒያ ዋና ከተማ የቪልኒየስ ነው፣ አይሁዶች ቪልና የሚሏት። እዚያ የነበረው ታላቁ ምኩራብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጎዳ፣ ከጦርነቱ በኋላ በሶቪየት ባለሥልጣናት ትእዛዝ ተናደ፣ ላዩ ላይ ሕንጻ ተሠራበት፣ ከዚያ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ከዛ ሕንጻ ሥር ቀስ በቀስ መውጣት ጀመረ። በሥራው ላይ ያሉትን ባለሙያዎች በስም አልጠራም፣ ለእኛ የሚጠቅመን አሠራራቸው ስለሆነ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ቦታው ምን ነበር

ቪልና በአይሁድ ዘንድ "የሊትዌኒያ ኢየሩሳሌም" ትባል ነበር። ከጦርነቱ በፊት ከከተማው ነዋሪ ወደ ሲሶ የሚጠጋው አይሁድ ነበር፣ ምኩራቡና ትንንሽ የጸሎት ቤቱ ሲደመር ደግሞ ከ100 ይበልጥ ነበር። የሁሉም እናት የምትባለዋ ግን በአሮጌው ከተማ ውስጥ "የአይሁድ መንገድ" ከሚባለው ጎዳና ዳር የነበረችው ታላቁ ምኩራብ ናት።

የተሠራችው በ1630ዎቹ መጀመሪያ ነው። በዛን ጊዜ ምኩራብ ከቤተ ክርስቲያን በላይ ከፍ ብሎ እንዳይታይ ክልከላ ነበረ። ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ ወደ ላይ መውጣት ካልተፈቀደልን ወደ ታች እንወርዳለን አሉና ወለሉን ከመንገዱ ዝቅ አድርገው ቆፈሩት። ከውጭ ስታያት ባለ ሦስት ፎቅ የምትመስል፣ ከገባህ በኋላ ግን ደረጃ ወርደህ ቁመቷ አምስት ፎቅ የሚያህል አዳራሽ ውስጥ ራስህን የምታገኝባት ቤት ነበረች። "ከጥልቅ ሆኜ ወደ አንተ ጮኽኩ" የሚለው መዝሙር (በእኛ ዳዊት 129ኛው) ከዚህ ወለል ጋር ተያይዞ ይነሳል፣ እዚያ የሚጸልይ ሰው ቃሉን በእግሩም ይኖረው ነበር ማለት ነው። ይሄን የወለል ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ስለሚሆን።

በአዳራሹ መሃል ቢማ የሚባለው ኦሪት የሚነበብበት ከፍ ያለ መድረክ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከተማዋ ላይ ትልቅ እሳት ከተነሳ በኋላ ባሮክ በሚባለው ጌጥ የበዛበት ስታይል እንደገና የተሠራ፣ አራት የኮሪንቶስ ስታይልና ስምንት የቱስካን ስታይል ዓምዶች ያሉት ባለ ሁለት ደርብ ሥራ ነው። ፊት ለፊቱ የኦሪት ጥቅልሎቹ የሚቀመጡበት ቅዱስ ሣጥን በደረጃ ከፍ ብሎ ይታይ ነበር። ናፖሊዮን በ1812 ወደ ሩስያ ሲዘምት ቪልና ገብቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ አፉ ተዘጋ ይባላል፣ ይሄ አፈ ታሪክ ነው ግን ሰዉ ስለቤቱ ምን ይሰማው እንደነበር ያሳያል።

አንድ ሕንጻ ብቻ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ግቢው ሙሉ ሰፈር ነበር ማለት ይቻላል፣ በዙሪያዋ ደርዘን የሚሆኑ ትንንሽ ጸሎት ቤቶች፣ የመታጠቢያ ቤትና የመንጻት ገንዳዎች፣ የማኅበረሰቡ ጽሕፈት ቤቶች፣ እንዲሁም ስትራሹን የሚባለው ታዋቂ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሁሉ እዚያው ነበሩ። የቪልናው ጋኦን ተብሎ የሚታወቀው ታላቁ ሊቅ ኤልያስ (ከ1720 እስከ 1797 የኖረው) የራሱ ጸሎት ቤት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነበረው። አንድ ሰው ጠዋት ገብቶ ሊጸልይ፣ ሊታጠብ፣ ሊያነብ፣ ሊከራከር፣ የተቸገረ ከሆነም እርዳታ ሊጠይቅ ይችል ነበር፣ ከግቢው ሳይወጣ።

እንዴት ጠፋ

ሁለት ጊዜ ነው የጠፋው፣ ይሄን መለየት ወሳኝ ነው።

መጀመሪያ ሰዎቹ ናቸው የጠፉት። ናዚዎች በ1941 ከተማዋን ያዙ፣ በመስከረም ወር ሁለት ጌቶ፣ ማለትም አይሁዶች ተገደው የሚታጎሩበት ሰፈር፣ አቋቋሙ፣ ታላቁ ምኩራብ ያለበት ሰፈር ትንሹ ጌቶ ውስጥ ገባ፣ እሱም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነዋሪዎቹ ተወስደው ባዶ ሆነ። ትልቁ ጌቶ እስከ መስከረም 1943 ቆየ። ከከተማው ወጣ ብሎ ፖናሪ በሚባል ጫካ ውስጥ ወደ 70,000 የሚገመቱ አይሁዶች ተረሸኑ፣ ተኳሾቹ ጀርመኖች ብቻ አይደሉም፣ የሊትዌኒያ ረዳት ኃይሎችም ነበሩበት። ከመላው የሊትዌኒያ አይሁዶች 90 በመቶ የሚበልጡት አልቀዋል። ይሄን የምጽፈው ቁጥር ለመደርደር አይደለም፣ ምኩራቡ ሲፈርስ "ተው" የሚል ሰው ለምን እንደጠፋ ሳይገባን ቀሪው ታሪክ ስለማይገባን ነው።

ሕንጻው ግን አልሞተም ነበር። ተዘርፏል፣ ተቃጥሏል፣ ጣሪያው ተጎድቷል፣ ግድግዳው ግን ቆሟል። ከሞት የተረፉ ጥቂት አይሁዶች ሶቪየቶች ከተማዋን መልሰው በያዙበት በ1944 ሙዚየም ከፍተው ቅሪቱን መሰብሰብ ጀመሩ፣ ሙዚየሙን መንግሥት በ1949 ዘጋው። ከዚያ ከ1955 እስከ 1957 ባለው ጊዜ የቆመውን ግድግዳ በሙሉ አፈረሱት። በ1964 ቦታው ላይ መዋዕለ ሕፃናት ተሠራ፣ በኋላም አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆነ።

ስለዚህ ቦንብ ያልጨረሰውን ወረቀት ላይ የተፈረመ ውሳኔ ጨረሰው። እኔን ከሁሉም የሚከነክነኝ ይሄ ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም ጦርነት አልነበረም፣ ጊዜ ነበረ፣ መጠገን ይቻል ነበር። የከተማው የአይሁድ አሮጌ መቃብር ላይም የደረሰው ተመሳሳይ ነው፣ ላዩ ላይ የስፖርት አዳራሽ ነው የተሠራበት።

ከምኩራቡ ውስጥ በእጅ የሚነካ ተርፎ ሙዚየም የገባው በጣም ትንሽ ነው፦ የቅዱሱ ሣጥን በር፣ የአንባቢው አትሮንስ፣ ዐሠርቱ ትእዛዛት የተቀረጹበት ሰሌዳ። ከመቶ በላይ ከነበሩት ምኩራቦች ደግሞ ዛሬ ከተማው ውስጥ እንደ ምኩራብ የሚያገለግለው አንድ ብቻ ነው፣ በ1903 የተሠራው የመዘምራን ምኩራብ የሚባለው።

ችግሩ ምን ነበር

ሊትዌኒያ በ1990 ነጻነቷን አወጀች። ስለምኩራቡ በግልጽ መነጋገር ተቻለ ግን ወዲያው ጥያቄዎች ተደራረቡ።

አንደኛው ቴክኒካል ነው። ላዩ ላይ የቆመ፣ ልጆች የሚማሩበት ሕንጻ አለ። ሥሩ ምን እንዳለ ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም። ብዙ ሰው ሶቪየቶች ሙልጭ አድርገው አንስተውታል ብሎ ያምን ነበር።

ሁለተኛው የባለቤትነት ነው። መሬቱ የከተማ ነው፣ ታሪኩ ግን በአብዛኛው አገሩ ውስጥ የሌለ ሕዝብ ነው። በአገሩ የቀረው የአይሁድ ማኅበረሰብ ጥቂት ሺህ ሰው ሲሆን የቪልና ዘር ነን የሚሉት ደግሞ አሜሪካ፣ እስራኤል፣ ደቡብ አፍሪካ ተበትነዋል። ማን ነው የሚወስነው?

ሦስተኛው ከሁለቱም የከበደ ነው ብዬ አስባለሁ። መልሰን እንገንባው ያሉ ነበሩ። ሌሎች ደግሞ፣ ከነሱም ውስጥ አይሁዶች አሉ፣ "ሰጋጁ በሌለበት የተሠራ ቅጂ ለቱሪስት ነው የሚሆነው፣ መጥፋቱም የታሪኩ አካል ነው" አሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ግን ክርክሩ ለዓመታት የተካሄደው መሬቱ ውስጥ ምን እንዳለ ሳይታወቅ ነው፣ እዚህ ላይ ነው ባለሙያዎቹ ቅደም ተከተሉን የቀየሩት።

ምን ተደረገ

መጀመሪያ ወረቀት። ሕንጻው ቢጠፋም ምስሉ አልጠፋም ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአዳራሹን ውስጥ የሣለ ሠዓሊ አለ፣ ማርክ ሻጋልም በ1935 ቪልናን ሲጎበኝ ውስጡን ሥሎታል። በሁለቱ ጦርነቶች መሃል የተነሱ ጥራት ያላቸው ፎቶዎች አሉ፣ ከተማዋ በፖላንድ ሥር በነበረችበት ጊዜ የተሠሩ የልኬት ሥዕሎችም አሉ። የከተማው አርካይቭ ውስጥ ደግሞ የመታጠቢያ ቤቱ የ19ኛ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፕላን ተገኘ። ይሄን ሁሉ ከዛሬው ካርታ ጋር አነባብሮ ማየት ነው የመጀመሪያው ሥራ፣ ማንም አካፋ ሳይነሳ።

በ2011 የሊትዌኒያ ባለሙያዎች ትንሽ የሙከራ ቁፋሮ አደረጉ፣ ሥሩ ቅሪት እንዳለ ታወቀ። ወሳኙ ግን 2015 ነው። የሊትዌኒያ፣ የእስራኤልና የአሜሪካ ባለሙያዎች በአንድ ቡድን ሆነው ከመሬት በታች የሚያይ ራዳር ይዘው መጡ። መሣሪያው ሳር እንደሚያጭድ ማሽን መሬት ላይ እየተገፋ ይሄዳል፣ የሬዲዮ ሞገድ ወደ ታች ይልካል፣ ሞገዱ ድንጋይ ወይ ባዶ ቦታ ወይ የተለየ አፈር ሲነካ የተወሰነው ተመልሶ ይመጣል፣ የተመለሰበት ጊዜ ይለካና ጥልቀቱ ይሰላል። በትይዩ መስመሮች ደጋግመህ ስትሄድበት ሥሩ ያለው ነገር ቅርጽ ይወጣል። ቦታው ሳይቆፈር፣ ትምህርት ቤቱም ሳይነካ የግድግዳዎችና የክፍሎች ምልክት ታየ። መሣሪያው ሁሉን አይነግርህም፣ እርጥብ ሸክላ ሞገዱን ይውጠዋል፣ የፍርስራሽ ክምር ደግሞ ምስሉን ያመሳቅላል፣ ግን የት ብትቆፍር እንደሚያዋጣ ይነግርሃል።

ቁፋሮው በየዓመቱ ሐምሌ አካባቢ ለጥቂት ሳምንታት ነበር፣ ከባለሙያዎቹ ጋር ከተለያየ አገር የመጡ ተማሪዎችና በጎ ፈቃደኞችም ነበሩበት። መጀመሪያ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ባለው ክፍት መሬት ጀመሩ፣ የመታጠቢያ ቤቱና ሁለት ሚክቬ፣ ማለትም የመንጻት ገንዳዎች፣ ከነሴራሚካቸው ወጡ፣ ከአርካይቭ ከተገኘው ፕላን ጋርም ተመሳከሩ። ወረቀቱና መሬቱ ሲገጥም ቡድኑ የያዘው ካርታ አስተማማኝ እንደሆነ ታወቀ፣ ከዛ በኋላ ነው ወደ ዋናው አዳራሽ የተጠጉት።

በ2018 ቢማው ተገኘ። የት መሰላችሁ፣ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ቢሮ ከነበረው ክፍል ሥር። ልጆች ጥፋት ሲያጠፉ የሚጠሩበት ክፍል ማለት ነው፣ ለአሥርት ዓመታት ያን ሁሉ ሰው ሲያስገባና ሲያስወጣ ከወለሉ ሥር ለ200 ዓመት ገደማ ኦሪት የተነበበበት መድረክ ነበር። ከመድረኩ የታችኛው የጡብ ክፍል ቀርቷል፣ ከአዳራሹ ወለልም በቀይ፣ ጥቁርና ነጭ የአበባ ጌጥ የተሠራ ክፍል ተገኘ።

ለምን ተረፈ ብላችሁ ስትጠይቁ ነው የወለሉ ነገር የሚመጣው። አፍራሾቹ ያነሱት ከመሬት በላይ ያለውን ነው። የአዳራሹ ወለል ግን ከመንገዱ በታች ስለነበር ጉድጓዱን በራሱ ፍርስራሽ ሞልተው፣ አስተካክለው፣ ላዩ ላይ ሠሩ። ያ ፍርስራሽ ወለሉንና የቢማውን ሥር እንደ ብርድ ልብስ ሸፈነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን "ከፍ እንዳትሉ" ተብሎ የተጣለ ክልከላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከዶዘር አዳናቸው። ይሄን ሳስብ አሁንም ይገርመኛል፣ ዝቅ ያደረጉት ሰዎች የልጅ ልጆቻቸው ቤት በዚያ ዝቅታ ይተርፋል ብለው አላሰቡም።

በ2019 ደግሞ የዕብራይስጥ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ወጣ፣ በ1796 የተበረከተ፣ ቢማው ላይ የነበረ የኦሪት ማንበቢያ ጠረጴዛ አካል ነው። ሁለት ወንድማማቾች ወደ ቅድስት አገር ሄደው ጥብርያዶስ ለኖሩ አባትና እናታቸው መታሰቢያ ያሠሩት ነው። እስከዚያ ድረስ የተገኘው ግድግዳና ወለል ነበር፣ ከዚህ በኋላ ግን የሰው ስም፣ የቤተሰብ ናፍቆት አለበት። በ2021 ወደ ቢማው የሚያወጣው ደረጃም ተገለጠ።

እግረ መንገዴን፣ ይሄው ራዳርና ሌላ የመሬት ፍተሻ ዘዴ ይዞ የመጣው የባለሙያዎች ስብስብ በ2016 ፖናሪ ጫካ ሄዶ እስረኞች በማንኪያና በእጃቸው ቆፍረው በሚያዝያ 1944 ያመለጡበትን ዋሻ መስመር አገኘ፣ ርዝመቱ 30 ሜትር ያልፋል። የመቃብር ጉድጓዶች ያሉበት ቦታ ስለሆነ መቆፈር አይቻልም፣ አጽም መንካት ክልክል ነው፣ ስለዚህ ወደ መሬት የኤሌክትሪክ ጅረት በሚልክ ፍተሻ፣ ሳይቆፍሩ ነው ያረጋገጡት። ከሞት ተርፈው የተናገሩ ሰዎችን ምስክርነት መሬቱ ከ70 ዓመት በኋላ አጸናው።

የሠራው

ቅደም ተከተሉ ሠርቷል። ወረቀት፣ ከዚያ ራዳር፣ ከዚያ ትንሽ ጉድጓድ፣ ከዚያ ትልቁ። እያንዳንዱ እርከን ለሚቀጥለው ፈቃድና ገንዘብ ለመጠየቅ ማስረጃ ሆኗል። ከተማው "ትምህርት ቤቱን አፍርሱልን ምናልባት ሥሩ የሆነ ነገር ይኖራል" ቢባል እሺ አይልም ነበር፣ "ሥሩ ይሄ ይሄ አለ፣ ይኸው ምስሉ" ሲባል ግን ንግግሩ ሌላ ሆነ፣ ትምህርት ቤቱም ከሕንጻው ወጣ።

የጋራ ቡድን መሆኑም በጣም ጠቅሟል። የአገሩ ባለሙያ ሕጉንና አፈሩን ያውቃል፣ ከእስራኤል የመጣው የምኩራብ አሠራር ያውቃል፣ አሜሪካኖቹ መሣሪያውን ያውቃሉ። ከዛ በላይ ደግሞ ማንም ወገን "ታሪኩን ለራሳችሁ አደረጋችሁት" ሊባል አልቻለም። የውጭ ሰው ብቻውን ቢቆፍር ኖሮ የከተማው ሰው በጥርጣሬ ያየው ነበር።

የተገኘውን በየዓመቱ ወዲያው ለሕዝብ መናገራቸውም ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የቪልኒየስ ነዋሪ በየቀኑ የሚያልፍበት መንገድ ዳር ምን እንደነበረ ያወቀው ከዚህ ዜና ነው፣ የአገሩ ፓርላማም 2020ን የቪልናው ጋኦንና የሊትዌኒያ አይሁዶች ታሪክ ዓመት ብሎ ሰይሞታል። የዚህ ሁሉ ምክንያት ቁፋሮው ብቻ ነው አልልም፣ ግን በእጅ የሚነካ ነገር ሲወጣ ወሬው ይለወጣል።

ሌላው የተበተነውን ማገናኘት ነው። የስትራሹን ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት ናዚዎች ለራሳቸው "ጥናት" ብለው ሲዘርፉ እንዲለዩላቸው ያስገደዷቸው የጌቶው ምሁራን በልብሳቸው ሥር ደብቀው እያወጡ ብዙ ነገር አድነዋል፣ ቢያዙ ሞት ነበር። ወደ ጀርመን የተጫነው ከጦርነቱ በኋላ ብዙው ኒው ዮርክ ገባ፣ ቪልና የቀረውን ደግሞ አንድ የሊትዌኒያ የመጻሕፍት ኃላፊ በሶቪየት ዘመን በአንድ የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደብቆ አቆየው። በዚህ ዘመን ሁለቱን ክምችት በዲጂታል ለማገናኘት ትልቅ ሥራ ተሠርቶ በ2022 አልቋል። ድንጋዩ ቪልኒየስ፣ መጽሐፉ ኒው ዮርክ፣ ፎቶው ሌላ ቦታ ቢሆንም አሁን አንድ ላይ ማንበብ ይቻላል።

ያልሠራውና ያልተፈታው

ጊዜው በጣም ተጓቷል። የመጀመሪያው የሙከራ ቁፋሮ በ2011 ነው፣ ከተማዋ 700 ዓመቷን የምታከብርበት 2023 ላይ ቦታው ለሕዝብ ዝግጁ እንዲሆን ታስቦ ነበር፣ ያ አልሆነም። በዓመት ጥቂት ሳምንት እየቆፈሩ የአገሩ ብርድና በረዶ እንዳይጎዳው መልሶ መሸፈን ግድ ነው፣ ይሄ ለቅርሱ ጥሩ ነው ለሕዝቡ ግን ከባድ ነው፣ ሰው ዜና ይሰማ ነበር፣ ሄዶ ሲያየው ግን የሚያየው ሣርና አሮጌ ሕንጻ ነበር።

የ"እንገንባው" እና "እንዳለ ይጠበቅ" ክርክርም በቁፋሮ አልተፈታም፣ ጠርቷል ቢባል ነው የሚሻለው። እኔ ወገኔን ልናገር፣ ቅጂ መገንባት አልደግፍም። የቢማው እውነተኛ ሥር በተገኘበት ቦታ ላይ አዲስ ባሮክ ዓምድ ማቆም የተገኘውን መሸፈን ነው፣ ጥፋቱንም ያልተፈጸመ ያስመስላል። የተገኘውን በመስታወትና በጣሪያ ጠብቆ ሰው ደረጃ ወርዶ እንዲቆምበት ማድረግ ይበልጣል፣ ያ መውረድ ራሱ የቤቱ ባሕርይ ነበርና። መልሰን እንገንባ የሚሉትን ግን አልንቅም፣ የጠፋባቸው የአያቶቻቸው ቤት ነው።

ከሁሉ ያልተፈታው ደግሞ ይሄ ነው፦ ስለሕንጻው ማውራት ስለገዳዮቹ ከማውራት ይቀላል። ውብ የባሮክ ምኩራብ ነበረን ማለት ማንንም አያስቆጣም፣ ተኳሾቹ ውስጥ የአገሩ ልጆችም ነበሩ ማለት ግን እስካሁን ያጣላል። ቦታው ላይ የሚቆመው መታሰቢያ ሁለቱን አብሮ ካልተናገረ ጎዶሎ ነው የሚሆነው።

ወደ ሌላ ቦታ ሊወሰድ የሚችለው

መጀመሪያ "ምንም አልቀረም" የሚለውን ሳይፈትሹ አለመቀበል። አፍራሽ ሁልጊዜ የሚታየውን ነው የሚያፈርሰው። ወለል፣ መሠረት፣ የውኃ ቦይ፣ ጉድጓድ፣ ምድር ቤት፣ እነዚህ ይተርፋሉ። የትኛው ክፍል ዝቅ ብሎ እንደተሠራ ማወቅ የት መፈለግ እንዳለብህ ይነግርሃል።

ሁለተኛ ከግንባታ ክርክር በፊት እውቀት። መልሶ ይሠራ አይሠራ ብሎ መጣላት ቀላል ነው፣ ሥሩ ያለውን ሳታውቅ ግን የምትጣላው ስለሐሳብ ነው።

ሦስተኛው ለእኛ በጣም ቅርብ ነው። በጎንደር ዙሪያ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በደምቢያ የቤተ እስራኤል ሰፈሮች ነበሩ፣ ወለቃና አምቦበር ስማቸው የታወቀ ነው፣ ሌሎች ግን ስማቸው እንኳን እየተረሳ ያሉ ብዙ ናቸው። ከ1984 እስከ 1985 በሱዳን በኩል፣ ከዚያ በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ወደ እስራኤል ሲሄድ የጸሎት ቤቶቹ ያለ ሰጋጅ ቀሩ። እነዚህን ማንም በዶዘር አላፈረሳቸውም፣ ከቪልና ጋር አንድ ዓይነት ነው ማለቴም አይደለም። ግን በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ሣር የተከደነ ቤት ሰው ካልጠገነው በጥቂት ክረምት ይወድቃል፣ እንደ ቪልና ባለ ትልቅ የጡብ መሠረት ላይም የቆመ አይደለም። ባለፉት ዓመታት የቤተ እስራኤል መነኮሳት የኖሩባቸውን ገዳማት በተራሮቹ ላይ እየፈለጉ የሚመዘግቡ ተመራማሪዎች አሉ፣ አካባቢውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች መንገድ ባይመሯቸው ኖሮ አብዛኛውን ባላገኙት ነበር።

ቪልና ፎቶ፣ ሥዕል፣ ፕላን ነበራት። እኛ ያለን አርካይቭ የሰው ትዝታ ነው፣ እሱም እስራኤል ውስጥ ናታንያ፣ ረሆቦት፣ አሽዶድ፣ ኪርያት ጋት ቤቶች ውስጥ ተቀምጧል፣ እድሜው ደግሞ 70 እና 80 አልፏል። ስለዚህ እናት አባት ወይም ቄሶች በቅርባችሁ ያሉ ሰዎች "እንዴት ነበር አገሩ" ብላችሁ ብቻ አታቁሙ፣ ቦታ ጠይቁ። በሩ ወደ የት ነበር የሚያየው? ቄሱ የት ነበር የሚቆሙት፣ ኦሪቱ የት ነበር የሚቀመጠው? የፋሲካው መሥዋዕት በየትኛው ድንጋይ ላይ ነበር? የመርገም ጎጆዋ (ሴቶች በወር አበባ ጊዜ ተለይተው የሚቆዩባት) ከሰፈሩ በምን ያህል ርቀት፣ በየት በኩል? ለመንጻት የሚወረድበት ወንዝ ማን ይባላል፣ በመስከረምና በሚያዝያ ውኃው እኩል ነበር? ለስግድ በዓል የሚወጣበት ተራራ ላይ ድንጋዩ የተከመረው በየት ወገን ነው? የሰፈሩ ጎረቤቶች እነማን ነበሩ፣ ዛሬ እዚያ ያሉት የማን ልጆች ናቸው?

በስልክ ቅዱት፣ ወረቀት ስጧቸውና በእጃቸው ያሥሉት፣ ሥዕሉ ባያምርም ችግር የለውም፣ የበሩ አቅጣጫና የወንዙ ስም ካለበት በቂ ነው። ከተቻለ ሁለት ሰው ለየብቻ ጠይቃችሁ አነጻጽሩት፣ የሚለያዩበትንም አታጥፉት፣ ሁለቱንም ጻፉት። የቀዳችሁትን ደግሞ ከአንድ ስልክ በላይ አስቀምጡ፣ ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ወይም ለዩኒቨርሲቲ አንድ ኮፒ ስጡ፣ ጎንደር ያለ ተማሪ አንድ ቀን ያን ሥዕል ይዞ ኮረብታው ላይ መቆም እንዲችል።